ወደ ምዕራብ የተመደብንበት እሑድ

ስማቸውን አልጽፍም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኋቸውም። ግን ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ በሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርትመንት ማን ማን እንደነበረ አንድ በአንድ ላስቀምጥ። የቤቱ አባወራ ነበረ፤ ዋሽንግተን መሐል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የፈረቃ አለቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ የቴሌቪዥኑን አንቴና ከእሱ በቀር ማንም እንዲነካ የማይፈቅድ። ባለቤቱ ነበረች፤ አሌክሳንድሪያ ባለ የአማርኛ ጉባኤ ዘማሪት፣ ኳስ የማትወድ፣ ኳስ የሚያዩ ሰዎችን መመገብ ግን የምትወድ። መምህር ነበሩ፤ አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ። የኤርፖርቱ ልጅ ነበረ፤ አርሊንግተን ሻንጣ የሚጭን፣ ቤት ውስጥም ቢሆን አውሮፕላን ሥር እንደቆመ ሰው እየጮኸ የሚያወራ። ጥሩምባ ነፊው ነበረ። እኔም ነበርኩ።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ቡድኑ የጥሩምባ ነፊው ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። እሱ እዚያ ኢንጂነሪንግ ይማራል። አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ማርሽ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ተምሮ ስለነበር፣ በየጨዋታው የሚነፋው የተማሪዎች ባንድ ተቀበለው። እኛ መጀመሪያ እሱን ለማየት ነበር ቴሌቪዥን የምንከፍተው። ቀስ በቀስ የተጫዋቾቹን ጉልበት ሕመም ሳይቀር የምናውቅ ደጋፊዎች ሆነን ቀረን።

የማያውቅ ካለ ላስረዳ። መጋቢት ሲደርስ አንድ ኮሚቴ በሩን ዘግቶ ይሰበሰባል። ከመላው አገሪቱ ስልሳ አራት ኮሌጆች ይመርጣል፣ በአራት ምድብ ይከፍላቸዋል፣ በየምድቡ ውስጥ ከአንድ እስከ ዐሥራ ስድስት ደረጃ ይሰጣቸዋል። ሲድ ነው የሚሉት። ጥሩ ሲድ ያገኘ ደካማ ተጋጣሚ ይደርሰዋል፤ ብዙውን ጊዜም ከቤቱ አይርቅም። ዝቅ ያለው የትም ይላካል። ውሳኔው እሑድ አመሻሽ ላይ በቴሌቪዥን ይነበባል።

መምህር ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጨረሱት። «ምደባ ነው» አሉ። «እኛም ስንመረቅ ስማችን ከግድግዳ ላይ ነው የተነበበው። ዘመድ ያለው ደብረ ዘይት፣ የሌለው ጋሞ ጎፋ።»

«እርስዎስ የት ደረሰዎት?» አለ የኤርፖርቱ ልጅ።

«ጎፋ አልኩህ እኮ!»

የምሥራቁ ምድብ የመጀመሪያ ጨዋታዎች በመኪና ደርሰን የምንመለስበት ከተማ ነበሩ። ጋሼ የዐርቡን ፈረቃ ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጧል። በመምህር ታክሲ ልንሄድ ተስማምተናል። የቀረው ኮሚቴው ምሥራቅ እንዲለን ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሲዳችን ጥሩ መሆን አለበት።

«ሦስተኛ ነን» አለ የኤርፖርቱ ልጅ። «ከሦስት ከወረድን ይኼን ቴሌቪዥን በመስኮት ነው የምወረውረው።»

«ቴሌቪዥኑ የማን ሆነና?» አለ ጋሼ።

«እሺ፣ ራሴን እወረውራለሁ።»

«ሁለተኛ ፎቅ ነው» አለች የጋሼ ባለቤት ከወጥ ቤት። «እግርህን ሰብረህ እኔው ላስታምምህ ነው።»

ጋሼ አምስተኛ ነን ባይ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በአካባቢው ኮሌጆች ውድድር በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈን ወጥተናል።

«ኮሚቴው የሚያየው ያለፈውን ሳምንት ብቻ ነው እንዴ? ጥር ላይ ያሸነፍነውስ?» አለ የኤርፖርቱ ልጅ።

«ጥርን ማን ያስታውሳል፣ ወንድሜ! ሰው የሚመዘነው በመጨረሻው ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ባለቤቱ፤ ስለ ኳስ ግን አልነበረም።

ጥሩምባ ነፊው አልተቀመጠም። መስኮቱ ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ የማሞቂያውን ቁልፍ ይጠመዝዛል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል። ከንፈር የሚያርፍበትን የጥሩምባውን ጫፍ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት መጥቶ ነበር፤ በጣቶቹ ሲያሽከረክረው በሱሪው ላይ ያስታውቃል። ሌሎቹ ለቡድኑ የተጨነቀ መሰላቸው። እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ክፍል አብሬው ስለምኖር እውነቱን አውቅ ነበር።

ታናሽ እህቱ ከካርቱም ተነሥታ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች አንዲት ከተማ ገብታለች። ሲለያዩ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሃያ ልትደፍን ነው። በስልክ ሲያወሩ ድምፅዋን አይለየውም። «አንዲት ሴትዮ ወንድሜ ትለኛለች» ይለኝ ነበር። ቀን ይማራል፣ ማታ ይሠራል፤ በራሱ አቅም እዚያ ድረስ መሄድ የሚታሰብ አልነበረም። ባንዱ ግን ቡድኑ በሚበርበት ይበራል። የምዕራቡ ምድብ ደግሞ የሚጀመረው እህቱ በአውቶቡስ በምትደርስበት አዳራሽ ነበር።

ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ቡድኑ ዝቅ እንዲልና ሩቅ እንዲጣል የሚመኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሁላችን ይልቅ ለቡድኑ የቀረበው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ የኤርፖርቱ ልጅ።

«አላውቅም።»

«እዩት! የጋዜጣውን የስፖርት ገጽ በቃሉ ይዞ አላውቅም ይላል!»

መጀመሪያ የተነበበው ምሥራቅ ነው። ሦስተኛው ስም የሌላ ሆነ። አምስተኛው ሲመጣ ጋሼ ጣቱን አነሣ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው። ምሥራቅ አለቀ። ታክሲው፣ የተለዋወጠው ፈረቃ፣ ሁሉም አብሮ አለቀ። የኤርፖርቱ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ቴሌቪዥኑ ላይ በቅርብ ያፈጥጥ ጀመር። ሁለተኛው ምድብ ተነበበ፤ የለንም። ሦስተኛውም ተነበበ፤ የለንም።

«ጭራሽ አልገባንም እንዴ?» አሉ መምህር።

ይህን ሲሰማ ጥሩምባ ነፊው መራመዱን አቆመ። ካልገባን ምሥራቅም ምዕራብም የለም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቆመ፤ ዐይኑ ማስታወቂያው ላይ ነው፤ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

ከዚያ ምዕራብ። የኮሌጃችን ስም ስምንተኛ ላይ መጣ። ስምንተኛ ይመስለኛል።

ቤቱ ተናጋ። «ስምንተኛ! ከስምንተኛው ጋር የሚገጥመው ዘጠነኛ ነው፣ ቀጥሎ አንደኛ ነው! አርደውናል!» የኤርፖርቱ ልጅ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ክፍሉን ይዞራል። ጋሼ አንቴናውን አጥብቆ ያዘ፤ ኮሚቴውን በእጁ ያገኘ ይመስል ነበር። ጥሩምባ ነፊው ቤት ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ መምህር «ወረቀት አምጡ» አሉ።

ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ማናችንም አለመሳቃችን ነው። ባደግንበት አገር ከምደባ ቀጥሎ የሚመጣው አቤቱታ ነው። ኮሚቴ የወሰነውን የበላይ ኮሚቴ ይሽረዋል፤ ካልሻረው ደጅ ይጠናል። ውድድሩ ሐሙስ እንደሚጀምር፣ ቲኬት እንደተሸጠ፣ አቤቱታ የሚቀበል መስኮት እንደሌለ አንዳችንም አላነሣንም። የጋሼ ባለቤት ወረቀቱን አመጣች። መምህር በአማርኛ ሊጽፉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው፣ የኤርፖርቱ ልጅ ጠዋት ሊልከው ሆነ።

«ጉዳዩ፦ የምደባ ለውጥ ስለመጠየቅ» ብለው ጀመሩ፣ ከሥሩም አሰመሩ። «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው ቡድናችን ከፍተኛ ውጤት እያለው ያለ ጥፋቱ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር…»

«ክፍለ ሀገር አይደለም፣ መምህር።»

«ለእኔ ነው።» ጽፈው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ለጥሩምባ ነፊው ዘረጉለት። «የኮሌጁ ተማሪ አንተ ነህ። ባለጉዳዩ ይቅደም።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

«እኔ አልፈርምም፣ መምህር።»

«ምን አልክ?» አለ የኤርፖርቱ ልጅ። «ባንድ ግባ ቢሉህ ባንዳ ሆንክ?»

«እህቴ እዚያ ናት።»

«የት?»

«ምዕራብ። ጨዋታው ያለበት። ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ምደባውን ያነበበው ሰውዬ አሁንም ያወራል። ጋሼ ድምፁን ቀነሰው።

«እና እስካሁን አፍህን ምን ያዘው?» አለ የኤርፖርቱ ልጅ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ዝግ ብሎ።

«እናንተ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ ስትሉ፣ እኔ ምን ብዬ?»

መምህር እስክሪብቶውን መልሰው ያዙት። «እኔ ጎፋ ሆኜ በቤተሰብ ምክንያት ዝውውር ለመንኩ። ሁለት ዓመት። ሲፈቀድልኝ ልጄ በእግሩ ሄዶ በር ከፈተልኝና ‹እማዬ፣ አንድ ሰውዬ መጣ› አለ።» ከዚያ ያሰመሩበትን ርእስ ሰረዙት። በላዩ «ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ» ብለው ጻፉ።

«ስምንተኛ ስላደረጉን እናመስግን?» አለ ጋሼ።

«ስምንቱን ተወው። ስለ ምዕራቡ ነው።»

ሁላችንም ፈረምን። የጋሼ ባለቤት ከፈረመች በኋላ ጥሩምባ ነፊውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እና ልጅቱ ጋ ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው?»

አንድ ትንሽ ሻንጣና ጥሩምባውን ብቻ ነበር የተፈቀደለት። የሰጠችው ሽሮ ሻንጣው ውስጥ ገባ። በርበሬው አልገባም። የኤርፖርቱ ልጅ «ሻንጣ የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎ፣ በርበሬውን በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ በጥሩምባው ሣጥን ክፍት ቦታ ላይ ወተፈው። እሮብ ዕለት ሄደ።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ጨዋታውን ለማየት እዚያው ቤት ተሰበሰብን። ያ ጨዋታ ከዚያ በፊት ካየኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ የተለየ ነበር፤ ምክንያቱም ስሌቱ ሌላ ሆኗል። ከተሸነፍን ባንዱ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል። ካሸነፍን እሑድ እንደገና ይጫወታሉ፤ ለእሱና ለእህቱ ሁለት ቀን ይጨመርላቸዋል። የጋሼ ባለቤት ሳትቀር ከወጥ ቤት ወጥታ ቆማ አየች። «አንድ ጊዜ አስገቡት በለው! ምን ያንከባልለዋል!» ትላለች።

ከዕረፍት በፊት ካሜራው ባንዱን አሳየ። እሱን አየነው፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ዐይኑን በክንዱ እያበሰ፣ እንባው እየወረደ።

«አለቀሰ» አሉ መምህር። «አግኝቷታል።»

«ወይም አጥቷታል» አለ ጋሼ።

የኤርፖርቱ ልጅ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። «የበርበሬው ከረጢት ፈንድቶ ይሆን?» አለ።

ከእንባው የተነሣ መቀመጥ አቃተን። መምህር በሁለተኛው አጋማሽ ቁጭ ብለው አላዩም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ስንት ሆነ?» እያሉ ይጠይቃሉ። መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን ኳሱ በእነሱ እጅ ነበር። ወረወሩ፤ ብረቱን ነክቶ ወጣ። የኤርፖርቱ ልጅ ጮኾ ጋሼን አቀፈው። ማንም ስለ ቀጣዩ ተጋጣሚ አላወራም። «እሑድ ድረስ» ብቻ ነበር የምንለው።

እሑድ ተሸነፍን፤ በብዙ ነጥብ። ከቁብ የቆጠረው አልነበረም።

ሰኞ ጥሩምባ ነፊው አሌክሳንድሪያ ክፍላችን ሲገባ ሣጥኑ ገና ያስነጥሳል። እንባው የበርበሬ ነበር፤ በዚያ ሰዓት እህቱን ገና አላገኛትም ነበር። «ሁለት ጊዜ በአጠገቧ አልፌያለሁ» አለኝ። «ያወቀችኝ እሷ ናት። ከተጋጣሚዎቻችን ደጋፊዎች መሐል ተቀምጣ ለእነሱ ስታጨበጭብ ነበር፤ ሰው ሲያጨበጭብ ዝም ማለት ነውር መስሏት።» ስለ ሁለቱ ቀን ሌላ ነገር አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ግን አልተረጋጋም። መጽሐፍ ከፍቶ ስልኩን ያያል፤ ስልክ ዘግቶ መስኮቱን። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ወደ እሷ ከተማ ኮሌጅ ተዛውሮ ሄደ። እኔ ክፍሉን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ወደ ፌርፋክስ ገባሁ። በቀጣዩ መጋቢት ተሰብስበን ነበር፤ ባንዱን ሲያሳዩ ግን ማንም ቀና አላለም።

እኔ የያዝኩት ይህን ያህል ነው። ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ መልሻለሁ፤ የኤርፖርቱ ልጅ በእርግጥ ልኮት እንደሆነ ግን አላውቅም። ጋሼ፣ ሰባተኛ ነበርን ወይስ ስምንተኛ? ቅዳሜ ዕለት እህቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ ባለቤትህ ለረጅም ጊዜ እንዳወራቻት ሰምቻለሁ፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምን አለቻት? አንተም ጥሩምባ ነፊው፣ ይህን ካነበብክ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት የት ዋላችሁ፣ ምን በላችሁ፣ መጀመሪያ የተናገረችህ ቃል ምን ነበር? ጻፍልኝ፤ የተሳሳትኩትንም አርመው።