ጉም ውስጥ የቀረጽነው ፊልም

እናቴ የመጥፋቴን ወሬ የሰማችው ቀየት ገበያ ላይ ነው። ገብሷን ዘርግታ እንደተቀመጠች አንዲት የምታውቃት ሴት ስልክ ይዛ መጣችና፣ “ይቺ ያቺ አስተማሪዋ ልጅሽ አይደለችም እንዴ? ጓሳ ላይ ጠፍታ ስልኳ ብቻ ተገኘ ይላሉ” አለቻት። ስልኩ ላይ የሚታየው ጉም ብቻ ነው። ከጉሙ ውስጥ ግን የኔ ድምፅ እያለከለከ፣ “ማነው? ኧረ ማን አለ?” ይልና ይቋረጣል። እናቴ ገብሷን ለጎረቤት ትታ ባገኘችው አይሱዙ ተሳፍራ እኔ ወደማስተምርበት ከተማ መጣች።

ስትደርስ በር ላይ ልብስ እያጠብኩ ነበር።

“አለሽ?” አለችኝ።

“አለሁ። ምነው እማዬ?”

ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት በነጠላዋ ጫፍ ትከሻዬን ሾጥ አድርጋኝ፣ “የገደለሽን ፊልም ሳላይ አልሄድም” አለች።

ፊልሙን የሠራነው ሦስት ሆነን ነው። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሁለተኛው የፊዚክስ መምህራችን ነው፤ ፊልም ይወዳል። ሦስተኛዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጓደኛዬ ናት። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው።

“ካሜራ የለን፣ መብራት የለን፣ ተዋናይ የለን” አለ አንድ ቀን ሻይ ቤት። “ስለዚህ ይህ ሁሉ የማያስፈልገው ፊልም እንሥራ። ሦስት ጓደኛሞች ጓሳ ሄደው ሳይመለሱ ይቀራሉ። በኋላ ስልካቸው ሣር ውስጥ ወድቆ ይገኛል። ሕዝቡ የሚያየው ስልኩ የቀረጸውን ብቻ ነው።”

በየቅዳሜው ጓሳ ወደሚባለው የመንዝ ሣራማ ደጋ እየወጣን መቅረጽ ጀመርን። መጀመሪያ አውሬ ያስፈልገናል ብለን ነርሷን ለምድ ገልብጠን አልብሰን በአራት እግሯ አስኬድናት። ማታ ስናየው ጥርሷን ያመማት በግ ነው የምትመስለው። እሷ ራሷ እስክታነባ ሳቀች። አውሬው ተሰረዘ፤ እኛም የሚያስፈራ ነገር የሌለበት አስፈሪ ፊልም ይዘን ቀረን።

ከዚያ በአንዱ ቅዳሜ፣ ገና ከቀትር በፊት፣ ጉም ወረደብን። የጓሳን ጉም ለማያውቅ ሰው፣ የገዛ ጫማችን አይታየንም ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ነርሷ ዕቃችንን ይዛ ካለችበት እንዳትነቃነቅ ነገርናት። የፊዚክስ መምህሩ መንገዱን ልፈልግ ብሎ ቀድሞ ሄደ። እኔ ቀረጻውን ሳላቆም ቀስ እያልኩ ተከተልኩት። “ማነው? ኧረ ማን አለ?” እያልኩ ትንሽ እንደሄድኩ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ አገኘሁት።

“ምን ይገትርሃል? ና እንመለስ” አልኩት።

ዝም።

“አትቀልድብኝ በማርያም። እጄ ደርቋል።”

ዝም። ተጠጋሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ አንገቱን ደፍቷል። ስልኩን በአንድ እጄ እንደያዝኩ በሌላው ትከሻውን ልነካ ስዘረጋ፣ ከኋላዬ፣ ከጆሮዬ ሥር ማለት ይቻላል፣ የራሱ ድምፅ መጣ።

“ማንን ነው የምታናግሪው?”

የጮኽኩት ጩኸት የኔ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ስልኩ ከእጄ አምልጦ ሣሩ ውስጥ ወደቀ። ለካ እሱን ጉሙ ውስጥ ሳላየው አልፌው ኖሯል፤ ንፋሱ ጉሙን ገፋ ሲያደርገው ሳናግረው የነበረው ጅብራ ሆኖ ተገኘ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቱን ጅብራ አይቻለሁ! ደጋ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ዘልቆ ብቻውን የሚቆም ተክል ነው፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬበታለሁ።

ቀረጻው እንዲጠፋ ፈልጌ ነበር። አፍሬ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ግን ማታ ደጋግሞ አየውና፣ “ፊልሙ ይሄ ነው” አለ። ጉሙ ሳይገለጥ፣ ስልኩ ሣር ውስጥ እንደወደቀ ቆረጠው። የቆመው ነገር ምን እንደሆነ ተመልካች አያውቅም።

ነርሷ ከፊልሙ ትንሽ ቆርጣ ለእህቷ በቴሌግራም ላከች። እናቴ ገበያ ላይ ያየችው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወሬው እግር አወጣ። ዓለም ከተማ ላይ ያየው ሰው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ ተባለ። ተዋናዮቹ በሕይወት የሉም ተባለ፤ እኔ በሳምንት አምስት ቀን ክፍል እየገባሁ! ሙሉውን ፊልም ከሦስታችን በቀር ማንም አላየውም።

የወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አዳራሹን ፈቀደልን እንጂ አላመነበትም። ስንት የውጭ ፊልም ያየ ሰው ነው። “እንዲህ ያለውን አውቀዋለሁ” አለን። “ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይጮኻል፣ የሚታይ ነገር የለም። ዘንድሮ ወሬያችሁ ከፊልማችሁ በልጧል።”

የከፋኝ እውነቱን ስለመሰለኝ ነው። በእጃችን ያለው ጉም፣ ንፋስና አንድ ጅብራ ነው።

እሁድ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ሞላ፤ የተረፈው ሰው ደጅ ቆመ። መስኮቶቹን ያጨለምነው ባና፣ ወፍራሙን የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሰቅለን ነው። ድምፅ ማጉያው ከሠርግ ቤት የተዋስነው ነው። ባለሙያው ፊት ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ እናቴ አጠገቡ።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት መከራዬን አየሁ። እኔ ስክሪኑ ላይ ብቅ ባልኩ ቁጥር ተማሪዎቼ ያፏጫሉ። አንዱ ስልክ ያነሳል። ንፋሱ ግማሹን ንግግራችንን በልቶታል። ባለሙያው ዞር ብሎ፣ “የሚያስፈራው መቼ ነው?” ሲል ሰው ሳቀ። የፊዚክስ መምህሩ ከጎኔ ግድግዳ ተደግፎ ጥፍሩን ይበላል።

ጉሙ ስክሪኑን ሲሞላው ሳቁ ቀነሰ። ይህን ጉም ሁሉም ያውቀዋል። በግ ፍለጋ ገብቶበታል፣ ሣር ሊያጭድ ወጥቶ መንገድ ጠፍቶበታል። ከፊልሙ የሚሰማው ትንፋሼ ብቻ ነው፤ ከአዳራሹ ምንም አይሰማም።

“ምን ይገትርሃል? ና እንመለስ” አለ ድምፄ።

ማንም አልተነቃነቀም። እኔ ቃላቱን በልቤ እየተከተልኩ ነበር። አትቀልድብኝ በማርያም። እጄ ደርቋል። እጄ ስክሪኑ ላይ ሲዘረጋ አንዲት ሴት፣ “ተይው!” ብላ ጮኸች።

“ማንን ነው የምታናግሪው?”

አዳራሹ ፈነዳ። ሌላ ቃል የለኝም። ኋላ ያለው አግዳሚ ከነተቀማጮቹ ተገለበጠ። ሰው በየታቦቱ እየማለ ተነሣ፤ ከባናዎቹ አንዱ ተነቅሎ ብርሃን ገባ። በዚያ ብርሃን ባለሙያውን አየሁት፤ የእናቴን ክንድ በሁለት እጁ ይዟል።

“አይዞህ ልጄ” አለችው እናቴ። “ደኅና ናት። ያቻትና ቆማለች።”

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ ክንዷን ሳይለቅ።

ፊልሙ ሲያልቅ ጭብጨባው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሰው መጀመሪያ እርስ በርሱ መሳሳቅ ነበረበት። ሲመጣ ግን ቆርቆሮ ጣሪያው አስተጋባ። ነርሷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የፊዚክስ መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁም። ባለሙያው መጥቶ እጃችንን በየተራ ጨበጠና፣ “ያ የቆመው ነገር ምንድነው?” ሲል ጠየቀኝ።

“አልነግርህም” አልኩት። እንዲህ ደስ ብሎኝ የመለስኩት መልስ ትዝ አይለኝም።

የተባለውን ያህል ነው ወይ ላለኝ፣ አይደለም እላለሁ። ማንም ራሱን አልሳተም፣ ማንም አልሞተም። መጀመሪያው ይረዝማል፣ ድምፁም ጥሩ አይደለም። ግን የሰው ወሬ ያላወቀው አንድ ነገር ነበረበት፤ እኔ ያን ቀን የእውነት ፈርቼ ነበር፣ ፍርሃቴም ሳይጎድል እዚያ አዳራሽ ደረሰ።

ደጅ የቀሩት አንሄድም ስላሉ ወዲያው ደግመን አሳየን። በሁለተኛው ዙር ስክሪኑን አላየሁም። ፊት ሄጄ ጥግ ላይ ቆምኩና ሰዉን አየሁ። የወጡት ለሚገቡት በር ላይ ሁሉን ነግረዋቸዋል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣም ሳይቀር። እነሱም፣ “እኛ አንደነግጥም፣ አውቀነዋል” እያሉ ነው የገቡት። እናቴና ባለሙያው ግን ከቦታቸው አልተነሡም።

ጉሙ ሞላ። ፊቶቹ በስክሪኑ ብርሃን ነጡ። እጄ ሲዘረጋ ሁሉን የምታውቀው እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ ድምፁ ገና ሳይመጣ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ “ልጄ፣ ዞር በይ! ከኋላሽ ነው!” ብላ ጮኸች። አዳራሹም አብሯት ጮኸ።