የታሸገው ዶቅማ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከከተማ እንጆሪ አመጣችልኝ። ያሸጉበት ላስቲክ ዙሪያውን ተበሳስቷል። «አይጥ ቀምሶታል እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። «እንዲተነፍስ እኮ ነው እማማ፤ ከታፈነ ይበላሻል» አለችኝ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ይህን ቃል ከስድሳ ዓመት በፊት ወረታ ላይ ሰምቼው ነበር።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አንበሳሜ የተዳረችው ታላቅ እህቴ የሺ ወልዳ ታመመች፤ ሆዷ እህል አልቀበል አለ። በገበያተኛ የላከችብን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጓሯችንን ዶቅማ። በልጅነታችን ፍሬውን በልተን፣ የማን ምላስ ይበልጥ እንደ ጠቆረ እየተያየን እንስቅ ነበር።

ማሰሮውን የገዛሁት ከጎረቤታችን ከሸክላ ሠሪዋ ከእትየ ጥሩነሽ ነው። ለምን እንደሆነ ስነግራት፣ «አንቺ ልጅ፣ ፍሬ ነፍስ አለው፤ ማሰሮ ውስጥ ይታፈንብሻል። በቅርጫት አርጊና ቅጠል ጣል አርጊበት፣ ይተንፍስ» አለችኝ። የራሷን ዕቃ አትግዢኝ ማለቷ ነበር። በአገራችን ግን የሸክላ ሠሪ ዓይን ይፈራል፤ ለበሽተኛ የሚሄድ ምግብም ተከድኖ ነው የሚሄደው። እናቴ ስትሰማ፣ «በቅርጫት ያለችውማ አይታ ልትበላው ነው!» አለች። እኔም አመንኩ። የማሰሮውን አፍ በጨርቅ ወትፌ በጭቃ መረግሁት።

የሰኔ መግቢያ ዝናብ የጉማራን ወንዝ ሞልቶት ከገበያተኞች ጋር ሁለት ሌሊት ዳር አደርን። ቀን ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። በሁለተኛው ቀን ከጭቃው ሥር ጥቁር ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ከፍቼ ላየው ፈለግሁ፤ ግን ሰው ያያል ብዬ ተውኩት።

አንበሳሜ ስደርስ የሺ ተደግፋ ቀና አለች። ጭቃውን ፈቅፍቄ ከፈትኩ። ፍሬው ቀልጦ፣ ነጭ ሻጋታ ለብሶ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ደህና ፍሬ ፍለጋ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ፤ አንድም የለም።

«ተይው እህቴ» አለችኝ። «ዛፉስ? ዘንድሮም አፈራ?»

«ብዙ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዶቅማውን ብትበላም ትሞት ይሆናል፤ አላውቅም። ግን አምሮቷን ይዛ አትሄድም ነበር።

ወረታ ስመለስ «የሸክላ ሠሪዋ ዓይን ነው» ተባለ። ምን እንዳለችኝ የምናውቀው እናቴና እኔ ነበርን፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ዕቃዋን የሚገዛት ጠፋ። ክረምቱ ሳይገባ ቤቷን ዘግታ ወደ ይፋግ ተሰደደች።

የልጅ ልጄ እንጆሪውን እያጠበች፣ «መበሳቱን የተማሩ ሰዎች አጥንተው ነው ያገኙት» አለችኝ። ሳትማር የምታውቅ አንዲት ሴት እንደነበረች ልነግራት፣ ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ዛሬም ዝም አልኩ።