ታንጉት የተወቻቸው ዛላዎች

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደር፣ ታንጉት በርበሬ የለቀመችበት ማሳ ውስጥ ቃራሚ አይገባም ነበር፤ ምን ሊያገኝ! ቅጠል ሥር የተሸሸገች ዛላ እንኳ ከጣቷ አታመልጥም። በንግግር ግን እንዲህ አልነበረችም። ባሏ እጅጉ አንድ ነገር ከወሰነ ሐሳቧን ዋጥ አድርጋ ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

ያን ዓመት ልጃቸው ውዳሴ ከተማው ዳር ባለው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። አንድ ቀን እራት ላይ፣

“አባባ፣ የከተማ ልጆች ጠዋት ጠዋት ስሙኒ ይሰጧቸዋል። ለእኔም ይስጡኝ” አለች።

“ለምንሽ?”

“ፓስቲ ልገዛበት።”

“ቁርስሽን በልተሽ አይደል የምትሄጂው? ከአሁኑ ሳንቲም የለመደች ልጅ ነገ ካልከፈላችሁኝ ውኃ አልቀዳም ትላለች። በቃ!” እጅጉ ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘብ በላብ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ልጁም እንድታውቅ ይፈልጋል። “ቃርሚያ አለልሽ። የቃረምሽውን ሸጠሽ የፈለግሽውን አድርጊ። እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው።”

ታንጉት የእራቱን ሞሰብ አነሣች። በማግስቱ የልጅቷን ፀጉር ስትሠራ ግን ጠየቀቻት።

“እረፍት ሲሆን ጓደኞችሽ ፓስቲ ይገዛሉ። አንቺስ?”

“ከክፍሉ ጀርባ እሄዳለሁ።”

“ምን ልታደርጊ?”

“ምንም። ደወል እስኪደወል እቆማለሁ።”

የታንጉት እጅ ሹሩባው ላይ ቀረ።

ለቀማው ሊያልቅ ሲል ዳር ዳር ያሉትን ትልሞች ብቻዋን ያዘች። ቀዩን፣ ወፍራሙን ዛላ እያየች አለፈችው። ጣቷ ሊቀጥፍ ይሄዳል፤ እሷ ትመልሰዋለች። ውዳሴ ከትምህርት ቤት መጥታ ስትቃርም ዘንቢሏ ይሞላል፤ የእጅጉም ቃል አይታጠፍም፤ ማንም አያውቅም። ይህን አስባ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ወረደች።

ስትመለስ ከማሳው ውስጥ የልጆች ሁካታ ሰማች። በመሬት ሽግሽጉ ጠባብ ቁራጭ የደረሰው የጎረቤታቸው የይሄይስ ልጆች፣ ልብሳቸውን አሸርጠው ዛላውን ይሰበስባሉ። ደሟ ፈላ። ግን ምን ትበል? ለቀማ ያለቀበት ማሳ ለማንም የተፈቀደ ነው፤ ቃራሚ ያባረረች ሴት ስሟ እስከ ገበያ ይነሣል። ይባስ ብሎ ውዳሴ ከመሃላቸው ብቅ አለች። ዘንቢሏ ግማሽ እንኳ አልሆነም፤ ፊቷ ግን በርቷል።

“እናቴ፣ ብዙ እኮ ነው! እኔ ነኝ የጠራኋቸው!”

እጅጉ በሬዎቹን እየነዳ ደረሰና ልጆቹ የታቀፉትን አይቶ ቆመ።

“ታንጉት! ዓይንሽን ያምሽ ጀመር እንዴ? ይህን ሁሉ ትተሽ?”

“እትዬ ታንጉት አረጁ!” አለች የይሄይስ ትልቋ ልጅ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ታንጉት እንስራውን አወረደች። አዎ ዓይኔ ነው ብትል ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ልጆቹ እስኪበተኑ ጠበቀች።

“ዓይኔ ደኅና ነው። አውቄ ነው የተውኩት” አለች። “ልጅህ እረፍት ሲሆን ከክፍል ጀርባ ተደብቃ ትቆማለች። ለእሷ ብዬ ነው።”

“ታዲያ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?”

“በቃ አልካ።”

“ብልስ! ልጄ እንድትደበቅ ብዬ ነው?” እጅጉ ወደ በሬዎቹ ዞረ፤ ቀንበሩን ግን ሳይፈታ ብዙ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ታንጉት እዚያው ባሏ ፊት የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፤ ስሙኒ አውጥታ ዘረጋች። ውዳሴ አልተቀበለችም፤ ቀና ብላ አባቷን አየች።

“ተቀበያት እንጂ! የእናትሽን እጅ ታቆሚያለሽ?” አለ እጅጉ። ቀጥሎም ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ “ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ማክሰኞ አለቀብኝ ብትዪ ጆሮ የለኝም!”

“እሺ፣ አባባ።”

ሌላ ቀን ውዳሴ በትምህርት ቤቱ መንገድ ያለውን ጅረት ስትሻገር ዞር ብላ ለእናቷ እጇን ታውለበልብ ነበር። ዛሬ አላውለበለበችም። ቀኝ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ዳገቱንም የወጣችው እንደዚያው እንደጨበጠች ነው።