ሃምሳ አለቃ ደምሰውና ሁለቱ የመዝለያ ጃንጥላዎች

ደምሰው ወጋየሁ ሞኝ ሰው አይደለም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ነፋስ ስልክ ውስጥ የሱ ነገር በተነሳ ቁጥር «ምን ያለ ጅል ነው!» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። ጅል ቢሆንማ ቀላል ነበር። ደምሰውን ለሞት ጫፍ ያደረሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያውም በደንብ የሚያውቀው።

አየር ወለድ ነበር። ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ሳለ ሠራዊቱ ተበተነ። ከዚያ በኋላ እንደሱ ባሉ ሰዎች ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ አውቆም ዝም ብሏል። ከሰማይ መውረድ ብቻ ሲያስተምሩት ከኖሩት ሰዎች መካከል፣ መሬት ላይ ምን በልቶ እንደሚያድር የነገረው አልነበረም። ጠጠር ጫነ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ በመጨረሻ ከደብረ ዘይት መንገድ ዳር ካለ አንድ የእርዳታ እህል መጋዘን በጫኝና አውራጅነት ገባ። ሲያዝዝ ሰው ይሰማዋልና ብዙም ሳይቆይ የጫኞቹ አለቃ አደረጉት።

ፓቬልን ያገኘው እዚያ ነው። ፓቬል የእርዳታ እህል የሚያመላልስ ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ረጅም፣ ቀይ፣ ከጫኞቹ በለቃቀመው አማርኛ የሚሳደብ ፈረንጅ። እሁድ እሁድ አስፈቅዶ ከከተማ ወጣ ካለ ሜዳ ላይ፣ አውሮፕላኑን ለባልደረባው ሰጥቶ፣ ለደስታው ይዘላል።

«ለደስታ?» አለ ደምሰው መጀመሪያ የሰማ ጊዜ። በወታደር ቤት ለደስታ ብሎ የዘለለ ሰው አያውቅም። የዘለለው ስለታዘዘ ነው።

አንድ እሁድ አብሮ ሄደ። ፓቬል የሚጠቀምበት እንደ ወታደሩ ክብ ጃንጥላ አልነበረም። አራት ማዕዘን ነው፤ አየር ሲገባበት እንደ ክንፍ ይወጠራል፣ ወደፊት ይበራል፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት መሪ ገመዶች ሲስቡት ይታጠፋል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ሲስቧቸው ፍሬን ይይዛል። ክቡ ጃንጥላ ሰውን እንደ ጆንያ ነው የሚያወርደው። ይህኛው ግን ሰውዬውን ወደፈለገበት ይወስደዋል። ደምሰው ተማረ። በዓመት ተኩል ውስጥ ሠላሳ ያህል ጊዜ ዘለለ፤ ከሠራዊቱ መፍረስ ወዲህ ፊቱ ላይ ያልነበረ ነገር ተመልሶ መጣ። ሚስቱ እማዋይሽ «እሁድ ማታ ሰው ሆኖ ይመጣል» ትላለች። ለዚህ ሲባል ሰኞ ሰኞ ወገቡ ሲቆረጥ ማሸቱን ችላዋለች።

በ1988 ሚያዝያ ፓቬል ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። የመዝለያ ዕቃው ሁለት ነበር። አንደኛው ደምሰው የተማረበት ትልቅ ቢጫ ነው፤ ሁለት መቶ ስልሳ ካሬ ጫማ፣ ፀሐይ ያነጣው፣ ጠርዙ ላይ የተጣፈ። ሁለተኛው የፓቬል የራሱ፣ አዲስ፣ ቀይ፣ መቶ ሃምሳ ካሬ ጫማ፤ ሲታጠፍ የተማሪ ቦርሳ የሚያክል።

«አንዱ ያንተ ነው» አለው። «ትልቁ ጥሩ ነው። ትንሹ ፈጣን ነው። አንተ ወታደር ነህ፣ ራስህ ታውቃለህ። በሚቀጥለው እሁድ ንገረኝ።»

ይህ አነጋገር ደግነት ይመስላል። አይደለም! መምህር ተማሪውን «ራስህ ታውቃለህ» ካለው ጥሎት ሄዷል ማለት ነው፤ ፓቬል ደግሞ ቀዩ ለደምሰው እንደማይሆን ያውቅ ነበር። መናገሩ ከበደው። ወዳጅን ላለማስቀየም ሲባል ስንት ሰው ይቀበራል በዚህ አገር፤ ይህ አመል ለካ ፈረንጅም ላይ ይጋባል።

ደምሰው ልቡ ቀዩ ላይ ነበር። ይባስ ብሎ መኩሪያ ሰማ። መኩሪያም የቀድሞ አየር ወለድ ነው፤ አሁን የውይይት ታክሲ ይነዳል። ሳሪስ ድራፍት ቤት ቁጭ ብለው አፉን ከፈተበት።

«አንተ! መቶ ስልሳ ጊዜ የዘለልክ ሰውዬ ያንን የሠርግ ድንኳን ልትሸከም?»

«ድንኳን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ሙሽሮቹን ልጥራና ከሥሩ ይቀመጡልህ?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። ደምሰውም ሳቀ፤ ግን ድራፍቱን አልጨረሰውም።

በማግስቱ ሁለቱንም ቦርሳዎች በግራና በቀኝ ትከሻው አንጠልጥሎ ጎፋ፣ ፅጌረዳ ዘንድ ሄደ። ፅጌረዳ በወታደር ቤት ጃንጥላ አጣፊ ነበረች። እነ ደምሰው የዘለሉበትን ታጥፍ የነበረችው እሷ ናት። ዛሬ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የጭነት መኪና ሸራ ትሰፋለች። የሄደው ምክር ፈልጎ አልነበረም። «ቀዩ ያምራል» እንድትለው ነበር።

«አምጣው» አለች ሸራውን ከጠረጴዛው ላይ እየገፋች። «መጀመሪያ ልበሰው እስቲ።»

ቀዩን ለበሰ። ማሰሪያው የተሰፋው ለረጅሙ ፓቬል ልክ ነው።

«ጎንበስ በል፣ ሃምሳ አለቃ።»

ጎንበስ ሲል የትከሻው ማሰሪያ ሸርተት ብሎ ክንዱ ላይ ወረደ።

«ይኸው። አየር ላይ ብትገለበጥ ሾልከህ ነው የምትቀረው።»

«ታጠብቢልኛለሽ ብዬ ነው እንጂ።»

«እኔ? በዚህ የሸራ መስፊያ መኪና? ሰው የሚንጠለጠልበትን ማሰሪያ አልነካም። የመጀመሪያ ዕቃህን ስትይዝ ልክህ የሆነውን ነው የምትይዘው፤ በኋላ ይጠብባል እያልክ አይደለም።»

ቢጫውን አለበሰችው። የተማሪ ስለሆነ ማሰሪያው በየቦታው ይጠብቃል፣ ይላላል። አጥብቃ ጎተት ጎተት አደረገችው፤ አልነቃነቅም አለ። ከዚያ ወደ ቀዩ ተመልሳ፣ መጠባበቂያው ጃንጥላ የተቀመጠበትን ኪስ አገላብጣ ቁጥሩን አነበበች።

«ይኼንንስ አይተኸዋል? መጠባበቂያውም ትንሽ ነው። ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ትልቅ መጠባበቂያ ከየት ይገባል? ከአውሮፕላኑ ስትወጣ በሩ ጭንቅላትህን ቢመታህ፣ ራስህን ስተህ በራሱ በሚከፈተው በዚህ መሃረብ ነው መሬት የምትደርሰው።»

«ፓቬል በሱ ሲያርፍ እንደ ቢራቢሮ ነው።»

«ፓቬል በምን ጀመረ?»

ጠይቆ አያውቅም።

«ከትልቅ ጀምሮ ነው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ እዚህ የደረሰው። አንተ ከላይኛው ፎቅ በመስኮት ልትወርድ ነው የፈለግከው። ደግሞስ የኛ ሜዳ የት ነው ያለው? ደጋ ላይ! እዚህ ሸራ የሚያሰፉትን የአሰብ ሾፌሮች ጠይቃቸው፤ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ አየር አጥቶ እንዴት እንደሚያቃስት። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር አንተን እንዲሸከምህ ጃንጥላው የበለጠ መሮጥ አለበት። ፈረንጅ በባሕር ጠረፍ ፈጣን ያለው እዚህ ሲመጣ ጥይት ነው።»

«ፅጌ፣ እኔ እኮ መቶ ስልሳ ጊዜ ዘልያለሁ።»

«በክቡ!»

«መዝለል መዝለል ነው።»

«ከበሩ እስክትወጣ ድረስ አዎ።» መቀሷን አነሳች። «እሁድ እመጣለሁ። ቢጫውን ይዘህ ዝለልና ስታርፍ ከታች ሆኜ ልይህ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ውሰድ፤ አፌን አልከፍትም።»

«አንቺ አፍሽን ሳትከፍቺ!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ማታ ለእማዋይሽ ነገራት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ ካሬ ጫማ ምንም አልጠየቀችውም። «መኩሪያ ስለሳቀብህ ብለህ እንዳይሆን ብቻ» አለችው። አይደለም አለ። ቀና ብላ አየችውና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል። የበልግ ዝናብ ያለሰለሰው የታረሰ ማሳ ከሜዳው ጋር ይዋሰናል። ፅጌረዳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከፓቬል ጎን ቆመች። ደምሰው ዘለለ፤ ቢጫው ያለ ምንም ችግር ተከፈተ፤ ከላይ ሆኖ ሜዳውን ዞረ። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለነበር ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ሊያርፍ ተስተካከለ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር መልካም ነበር።

ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ከፍታ ላይ ሲደርስ ግን ነፋሱ ተገላበጠ። ሜዳው ዳር የተተከለው የነፋስ ምልክት ጨርቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር ሁለቱም አዩት፤ ደምሰውም አየው። ያኔ እጁ ሳይጠይቀው ሠራ። በወታደር ቤት መሬት እስክትነካ ድረስ ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙር ብለው በቁጣ፣ በጩኸት፣ በዱላ ያስተማሩት እጅ ነው። በክቡ ጃንጥላ ይህ ትክክል ነው፤ ክቡ ቀስ ብሎ ይዞራል እንጂ ዘንበል ብሎ አይወረወርም። የግራውን ገመድ እስከ ዳሌው ሳበው።

ክንፉ በአንድ ጎኑ ተጋደመ፤ ደምሰውም እንደተወረወረ ድንጋይ ወደ ጎን እየተወነጨፈ ወረደ። ፓቬል በአገሩ ቋንቋ ጮኸ። ትልቁ ቢጫ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሊቃና ሲሞክር ደምሰው በዳሌው ማሳው ላይ አረፈ፤ ጭቃውን እያረሰ ተንሸራተተና ቆመ።

ሲደርሱበት በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን እያየ ነው። የእጁ አንጓ አብጧል። ዳሌው ወዲያው መጥቆር ጀምሯል። አጥንት አልተሰበረም።

ፅጌረዳ እንደምትጮህበት ሁላችንም ብንሆን የምንጠብቀው ነው። አልጮኸችም። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጭቃውን ከፊቱ ጠረገችለት።

«ለምን ዞርክ?»

«ነፋሱ…» ደምሰው ጭቃ ተፋ። «ነፋሱ ዞረ፣ እኔም ዞርኩ። አላሰብኩትም።»

«ባትዞርስ ምን ይሆን ነበር?»

«ነፋሱ ከኋላ እየገፋኝ… ፈጠን ብዬ አርፋለሁ። እንከባለላለሁ።»

«ጉልበትህ ይላጥ ነበር።»

«ይላጥ ነበር» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ፓቬልን አየው። «በቀዩ ቢሆንስ?»

ፓቬል መሬት መሬት አየ። ከዓመት ተኩል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ፤ «ቀብር» አለ በአማርኛ።

አንድ ነገር እናገራለሁ፣ የሚቆጣ ይቆጣ። «ልምድ አለኝ» የሚል ሰው፣ የምን ልምድ እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ ከጀማሪ የባሰ አደገኛ ነው። ጀማሪው ቢያንስ ይፈራል። ደምሰው መቶ ስልሳ ጊዜ ያጠናው ልማድ ነው በዚያ ሜዳ ላይ ሊገድለው የነበረው። ይህንን ለመኩሪያ ብነግረው ሳቀ። ይሳቅ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ፓቬል ቀዩን አጥፎ ከጓዙ ጋር አሰረው። ደምሰው ቢጫውን በደህናው ጎኑ ትከሻ አንግቶ፣ እያነከሰ፣ ከፅጌረዳ ጋር በታክሲ ወደ ጎፋ ተመለሰ። መንገድ ላይ «እሺ ጃንጥላውን መቼ ነው የምቀንሰው?» አለ።

«ገና ሳትድን!»

«ልወቀው ብዬ ነው።»

ጣቷን እየቆጠረች ሳይሆን መስኮቱን እያየች ነገረችው። በቢጫው፣ ባለበት፣ ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሳይዞር ቆሞ ማረፍ። ዝቅ ብሎ መታጠፍ ግድ ሲሆን ሁለቱንም ፍሬን በግማሽ ይዞ፣ አንዱን ብቻ ትንሽ ለቀቅ እያደረገ፣ ክንፉን ሳያጋድም በጠፍጣፋው መዞር። ያሰበው ቦታ ላይ መውረድ፤ አንዴ በዕድል ሳይሆን ደጋግሞ። ይህ ሁሉ እጁ ሳያስብ የሚሠራው ሲሆን፣ ያኔ በአንድ ደረጃ ብቻ አነስ ወዳለ ጃንጥላ ዝቅ ይላል፤ እሱም ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ሰፊ ሜዳ ላይ። ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

«ይኼማ ዓመታት ነው።»

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው።

የፓቬል ባልደረባ የነበረው አብራሪ አውሮፕላኑን እየነዳ ስለቀረ እሁዱ አልተቋረጠም። ደምሰው ዳሌው እንደዳነ ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለማየት የሚያሳፍሩ ነበሩ። ነፋሱ በዞረ ቁጥር ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ፣ ገመዱን እንዳይስብ ራሱ ላይ እየጮኸ፣ «ተው! ተው! ተው!» እያለ ይወርዳል፤ ከዚያ በጉልበቱ፣ በክርኑ፣ አንዳንዴም በፊቱ ማሳው ላይ ይዘረጋል። ገበሬዎቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ከማን ጋር ነው የሚጣላው ይላሉ። ከራሱ እጅ ጋር ነበር።

በ1990 ጥር አዲስ የመጣ አንድ መካኒክ ሁለት መቶ ሠላሳ ካሬ ጫማ የሆነ ሰማያዊ ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ማሰሪያው ለደምሰው ልክ ነው፣ መጠባበቂያውም ትልቅ ነው። ሊያውሰው ፈቀደ። ደምሰው በዚያው ሳምንት ጎፋ ሄደ። ፅጌረዳ የስፌት መኪናዋን መርፌ እየቀየረች ነበር።

«አንድ ደረጃ ነው» አላት። «ያልሽው ነው።»

«ከጎን ነፋስ ቆመህ ታርፋለህ?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«በጠፍጣፋው ትዞራለህ?»

«እዞራለሁ።»

«ባለፈው እሁድ ነፋሱ ሲዞርስ? ነበርኩ እኮ። እጅህ ወዴት ሄደ?»

ደምሰው እጁን አየው። እጁ ወደ ገመዱ ሄዶ ነበር፤ ትንሽ ብቻ፣ ከመሬት ለሚያይ ሰው የማይታይ የመሰለው። እሱ ግን ተሰምቶታል።

«ጀመረና ተወው» አለ።

ፅጌረዳ መርፌውን አጠበቀች። ደምሰው ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገና ለመካኒኩ «ይቆይ» ብሎ ሊነግረው ወደ መጋዘኑ ሄደ።