አንገቱን የደፋው ማሽላ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳት። ሐጅ ልሄድ ስነሳ ጎረቤቱን ሁሉ በየበሩ እየዞርኩ «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ስል እንኳ ይህችን አንዷን ነገር ዘልያታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፌ የተፈታው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ደሴ ላይ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ቆማችሁ ያያችሁት ታፔላ ካለ የእኔ እጅ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት የሱቅ ታፔላ እያየሁ፣ በከሰል ግድግዳ ላይ እየገለበጥኩ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቼ ብሩሻቸውን ሰቅለው ቤት ዋሉ፤ እኔ ጺሜ ከሸበተ በኋላ ብቻዬን ተማርኩት። ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች ሱቄ መጥተው ይጠይቁኝ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት ብቻ አይደለም። ጥፋቴ የተወለደው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ከዓመታት በፊት ነው። ኮምቦልቻ ላይ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የግብርና ትምህርት ቤት ሥራ ሰጠኝ። ስሙን አልጠራም። በውስጡ ያሉት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ ነበራቸው። የአንዱ ደብዳቤ ላይ ላም አለ፣ የሌላው ባነር ላይ ተራራ፣ አውቶቡሱ ላይ ደግሞ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቅጠል። እንግዳ ቢመጣ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን አያውቅም። ይህን እንድታስተካክል ዘሐራ የምትባል ወጣት የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ተቀጠረች፤ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። አንድ አርማ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ የፊደል ቅርጽ፣ ከበሩ ታፔላ እስከ ምስክር ወረቀቱ ድረስ። ክፍሎቹን ስታግባባ፣ ስትለምን ከረመች። ላም ያለውም ተራራ ያለውም እያጉረመረመ ተወላት፤ በተከፈተ መጽሐፍ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ የማሽላ ራስ ተስማሙ።

የደብዳቤውንና የምርቃቱን መርሐ ግብር ወረቀት አዲስ አበባ አሳተሙት። የመድረኩን ባነር፣ የበሩን ታፔላና የተመራቂዎቹን ምስክር ወረቀት እኔ ወሰድኩ።

አርማውን ከፍቼ ሳየው ሳቅኩ። እኔ ከኮምቦልቻ በታች ማሽላ ስጠብቅ ያደግኩ ሰው ነኝ። በእኛ ማሳ ፍሬ የሞላው ማሽላ አንገቱን ይደፋል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ወፍ የጨረሰው ነው። እነዚህ ምሁራን ምን ያውቃሉ አልኩና አጎበጥኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። አሳምሬ ነበር ያጎበጥኩት፤ ዛሬም ቢሆን ሥራው ቆንጆ ነበር እላለሁ።

ዘሐራ ደወለች። ከመታተሙ በፊት ናሙናውን ልየው አለችኝ። ናሙና የማሳይ ጀማሪ መስዬሽ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩባት። «አብሽሪ ልጄ፣ አታስቢ፣ እኔ እያለሁ!» አልኳት። ሳቀች። «እሺ አባባ፣ የእርስዎ ቃል ይበቃኛል» አለች።

ለምን አልነገርኳትም? ብነግራት እንደምትከለክለኝ አውቅ ስለነበር አይደለምን? አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

የምርቃቱ ዕለት እንግዶቹ በእጃቸው የያዙት ወረቀት ላይ ማሽላው ቆሟል፤ ከመድረኩ ጀርባ አንገቱን ደፍቷል። አንድ የተጋበዙ ሽማግሌ ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ወደ ዲኑ ጠጋ ብለው፣ ምነው ማሽላችሁ አንድ ጊዜ ቆሞ አንድ ጊዜ የሚያንቀላፋው አሏቸው፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ላሙን የተወው ክፍል ኃላፊ ግን አልሳቀም። ላማችንን የተውነው ለዚህ ነው ወይ እያለ ከወንበር ወንበር ዞረ። ዘሐራ ከመድረኩ ሥር ቆማ ባነሩን ታያለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

በማግስቱ ተጠራሁ። ዲኑ አሉ፣ የክፍል ኃላፊዎቹ አሉ፣ ዘሐራ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የጸደቀው አርማ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አጠገቡ እኔ ያተምኩት ምስክር ወረቀት። መስኮቱ ተዘግቷል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ክፍሉን ሞልቶታል።

«አባባ፣ ይህን የለወጠው ማን ነው?» አሉ ዲኑ።

እኔ ነኝ ማለት ነበር። ይኸው ነው። ቢቆጡኝ ምን ያደርጉኝ ነበር? የሙከራ ጊዜ ላይ ያለሁት እኔ አልነበርኩም። ግን ኃላፊዎቹ ሁሉ የሚያዩኝ እንደ አንድ ያልተማረ ቀለም ቀቢ መሰለኝ፤ ደሴ እስክደርስ ወሬው የሚቀድመኝ መሰለኝ።

«እሷ ናት ያጉብጡት ያለችኝ» አልኩ። «በቃሏ።»

ዘሐራ «እኔ?» አለች፤ ድምጿ የተሰማው ለእኔ ብቻ ይመስለኛል። ዲኑ እሷንም እኔንም አዩና እርግጠኛ ነዎት ወይ አሉኝ።

«ወላሂ» አልኩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ከማለ በኋላ የሚከራከር የለም። ሽማግሌን ውሸታም ማለት በሰው ፊት ጺሙን እንደመንጨት ነው፤ ጥሩ ቤት ያደገች ልጅ አታደርገውም። ይህንንም አውቅ ነበር። የማልኩት ዲኑን ለማሳመን ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ነገርኩት። ሐሰት ነው። የማልኩት የእሷን አፍ ለመዝጋት ነው። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ አንድ ነገር እንድል እየጠበቀች ነበር።

«አባባ ከማሉ» አለች፣ «ብዬ ይሆናል።»

በዚያው ሳምንት አሰናበቷት። ሁሉም ነገር እንደገና ይሠራ ተባለ፤ ሥራውንም ለእኔው ሰጡኝ። ማሽላውን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። አመሰገኑኝ፤ ምስጋናውንም ተቀበልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እኔ።

ዘሐራ አሁን ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ባለችው ከተማ፣ ደጋን ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ባለፈው ሰሞን ወኔዬን ሰብስቤ ሄድኩ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ልጆቼን ጠየቀችኝ፣ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። አፉ በይኝ አልኳት። ማሽኑን አጠፋችና ዞረች።

«እኔማ ድሮ አፉ ብዬዎታለሁ፣ አባባ» አለች። «ስሜ የጠፋው ግን ደጋን ላይ አይደለም።»

እስከ መንገድ ሸኘችኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ላይ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባው መንገድ አፍ ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ወራጅ ጠየቀ። ከወንበሬ ግማሽ ተነሳሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ላሳልፍህ ብሎ እግሩን ሰበሰበልኝ። ዲኑ ዛሬም እዚያው እንዳሉ አውቃለሁ። ደረጃውን ስወጣ፣ በሩን ሳንኳኳ፣ ሲያዩኝ ታየኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ፤ ወደ ደሴ ዳገቱን ወጣን።

ማሽላውን ያጎበጥኩት እኔ ነኝ። በአላህ ስም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያልወረድኩትም እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ማንም አልያዘኝም። ስለዚህ እናንተን አፉ በሉኝ አልልም። እናንተ አፉ ብትሉኝም ዘሐራ እዚያ ክፍል ውስጥ ዛሬም ጥፋተኛ ናት።