በመጥለቂያው በኩል የቀረው ቅርፊት

የማታ ትምህርት ስጀምር ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ከዋጃ ወደ ቆቦ መጥቼ በከተማው ዳር አንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ሰሞን የመንጋጋ ጥርሴ ተነሳብኝ። ጉንጬ አብጦ፣ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ ሳለቅስ አከራዬ አዩኝና ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ። ሲመለሱ ጣት የምታህል የዛፍ ቅርፊት ይዘዋል።

«በታመመው በኩል ያዢው። እንዳትውጪው።»

«ምንድን ነው እማ?»

«ሐኪም ነው። ዝም ብለሽ ያዢ።»

መጀመሪያ እንደ ቁንዶ በርበሬ አቃጠለኝ። ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ ወጣ። ከዚያ ምላሴም ድዴም የኔ መሆናቸው ቀረ። ሳቅ መጣብኝ፤ የምስቅበት ከንፈር ግን አልነበረኝም።

ጥርሴ አልዳነም፤ ይህን በትክክል መጻፍ አለብኝ። ከፈተናው በኋላ ጤና ጣቢያ ተነቀለ። ቅርፊቱ የሰጠኝ ፋታ ነው። ያቺ ፋታ ባትኖር ግን ለፈተናው አልቀመጥም፤ ለፈተናው ባልቀመጥ ደግሞ ዛሬ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጻሕፍት ጠባቂ አልሆንም ነበር።

ዛፉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእማ የማሽላ ማሳ ጫፍ ላይ የቆመ ነው። ግንዱ ላይ እንደ ጡት ጫፍ ያበጡ እሾሆች አሉት። ፍሬው ትንንሽና ጥቁር ነው፤ ድሮ በርበሬ ውስጥ ይጨመር ነበር ይላሉ። ሽማግሌዎች የኦሮምኛ ስም አላቸው፤ ከአፋር በኩል ግመል እየነዱ የሚመጡት በሌላ ስም ይጠሩታል። እኛ የዱር ቁንዶ በርበሬ እንለዋለን። ስለ ዕፅዋት የተጻፉ መጻሕፍት አገላብጬ የሚመስሉትን አገኘሁ፤ ራሱ ነው ለማለት ግን አልደፈርኩም። ለሳልም ለሆድ ቁርጠትም ይሆናል ይባላል። እኔ የማውቀው ድድ ማደንዘዙን ብቻ ነው። ሌላውን የሚያውቅበት ሰው አንድ ቀን ቢመረምረው ደስ ይለኛል፤ እስከዚያ ዛፉ መቆየት አለበት። በእኛ አካባቢ ሌላ አላየሁም።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። ሰው የሚወስደው አንድ መዳፍ ስፋት ብቻ ነው፤ ሌላው በቆረጠበት ላይ አይደግምም። ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ያለው ቅርፊት ፈጽሞ አይነካም። ለምን እንደሆነ እማንም ጠይቄያቸው ነበር። «የዛፉ የራሱ ድርሻ ነዋ! ለሱም ይቅርለት እንጂ» አሉኝ።

ከዚያ መንገድ የተዘጋበት፣ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ባዶ የሆነበት ዘመን መጣ። ሰው ከጎብዬም ከሮቢትም በእግሩ እየመጣ ከዛፉ ወሰደ። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልተስገበገበም። እያንዳንዱ እማን አስፈቅዶ፣ መርቆ፣ ሥርዓቱ በሚያዘው መሠረት ከሌላው ቁራጭ አጠገብ አንድ መዳፍ ብቻ ቆርጦ ሄደ። እንዲህ ሁላችንም ጨዋ ሆነን ዛፉን በዙሪያው ገፈፍነው።

በልግ ዘንቦ ግራሩ ሁሉ ሲያቆጠቁጥ እሱ ራቁቱን ቀረ። እማ በየቀኑ ሄደው ሥሩ ይቀመጡ ጀመር። ከእናታቸው የተቀበሉት ዛፍ ነው፤ በእሳቸው እጅ እንዳይሞት ፈርተው ነበር። ይህን አልነገሩኝም፤ ምግብ መቀነሳቸውን አይቼ ነው ያወቅሁት።

አንድ ጠዋት ልጃቸው መጥረቢያ ይዞ ማሳው ላይ አገኘን። ጎልማሳ ነው፤ ሽንኩርት ያለማል።

«እማዬ፣ ደርቋል እኮ! ሰው ላይ ሳይወድቅ ልቁረጠው። ቦታውም ሽንኩርት ያወጣል።»

«አንተ ጀነትም ብትገባ ሽንኩርት የት ልትከል ነው የምትል» አሉትና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ መጽሐፍሽ ምን ይላል?»

ዛፉን ዞሬ አየሁት። በመጥለቂያው በኩል አንድ ስንዝር ያህል ቅርፊት ከላይ እስከ ታች ሳይነካ ቆሟል። ቅጠል ያበጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊት በኩል እንደሆነ ዘጠነኛ ክፍል ተምሬያለሁ።

«እማ፣ በዚህች በኩል ሊተርፍ ይችላል። ሊሞትም ይችላል።»

ልጅየው ሳቀ። «ሊተርፍም ሊሞትም ይችላልማ እኔም እላለሁ! ይሄን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ የተመላለስሽው?»

«አዎ» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

እማ እጃቸውን ዘርግተው መጥረቢያውን ተቀበሉት። «ክረምቱ ይግባ። የመጀመሪያው ጎርፍ ተራዬ ለሱ ነው።»

«ማሽላውስ?»

«ማሽላው ሁለተኛውን ይጠጣል።»

በእኛ ቆላ ከተራራው የሚወርድ ጎርፍ ተጠልፎ በየማሳው በተራ ይገባል። ሁለተኛው ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ሐምሌ ላይ ሲመጣ ቦዩን በአካፋ ወደ ዛፉ የቀደደው ልጅየው ራሱ ነበር፤ እያጉረመረመ፣ እስከ ጉልበቱ ደለል ውስጥ ገብቶ። ሁለተኛው ጎርፍ ዘግይቶ መጣ፤ የእማ ማሽላ በዚያ ዓመት አጠረ። ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም።

መስከረም ላይ እማ በጠዋት በሬን አንኳኩ። ተከትዬአቸው ማሳው ድረስ ሄድኩ። በመጥለቂያው በኩል፣ ከዚያች ስንዝር በላይ፣ ሁለት ቀንበጦች ወጥተዋል። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ተቀመጡ። እኔም ተመስገን ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ዕለት አንድ ሙሉ ዳቦ ብቻቸውን በሉ።

በዚያው ሰሞን ልጅየው ጉንጩን በመሐረብ አስሮ መጣ።

«እማዬ፣ ጥርሴ ገደለኝ። ትንሽ ቅርፊት…»

«ሐኪሙ ራሱ ተኝቷል። ጤና ጣቢያ ሂድ።»

«ቅጠል እንኳን?»

«አብሽር፣ መርፌ አለ እዚያ። ሂድ!»

ወደ እኔ ቢያይ ሳቄን ለመደበቅ ዞርኩ። እሱም ሄደ። ከግቢው ወጥቶ ግን መንገዱን በማሳው በኩል አደረገ፤ በአንድ እጁ ጉንጩን ይዞ፣ በዛፉ ዙሪያ ያጠርነውን፣ ፍየል የገፋችውን የእሾህ አጥር በሌላው እጁ ወደ ዛፉ መልሶ ሲያስጠጋ ከሩቅ አየነው።