ያልተለቀለቀ ሳሙና

እስር ቤትም ተራ ቀን አለው። የእኔና የወንድሜ የመጨረሻ ተራ ቀን ሐሙስ ነበር፤ በገባን በአሥራ አንደኛው ቀን።

ያሰሩን ቤት ዱሮ የገብስ መጋዘን ነበር፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም። መስኮት የለውም። ቀኑን የምንለየው ከቆርቆሮው ሥር በምትገባ ብርሃን ነው። መጀመሪያ ስንገባ የታየኝ ሰው አልነበረም፤ ጋቢ ነው። በግድግዳው ዙሪያ የተደረደረ ጋቢ። ቆይቶ ከእያንዳንዱ ጋቢ ውስጥ ዐይን ወጣ። አሥራ አራት ነበሩ። ከእኛ ጋር አሥራ ስድስት ሆንን።

የተያዝነው በወንድሜ ጸጉር ነው። ከጎንደር ወደ ቤታችን በሚኒባስ ስንሄድ ኬላ ላይ ፈታሾች አስወረዱን። ወንድሜ ጆሮውን የሚሸፍን ጎፈሬ ነበረው።

«ይሄን ጸጉር ጫካ ነው ያሳደግከው?» አለው አንዱ።

«ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ራሴ ላይ ካላሳየሁ ማን ራሱን ይሰጠኛል?»

እውነቱን ነው፤ ጎንደር ጸጉር ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰውዬው ግን አልሳቀም። «አንተስ ምኑ ነህ?» አለኝ። «ወንድሙ» አልኩ። በቃ፣ በዚችው ገባሁ።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ለቤቱ ሰው ሁሉ የጸጉር አስተጣጠብ ሲያስተምር ዋለ። ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው አንድ ጆግ ውሃ ነው፤ ለመጠጡም ለመታጠቡም።

«መጀመሪያ በደረቁ ይበጠራል» አለ፣ ማበጠሪያ ስለሌለን በጣቱ እያሳየ። «ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ። እርጥብ ጸጉር አንዴ ከተቋጠረ አይፈታም። ሳሙናውን መዳፍ ላይ አሽቶ አረፋውን ብቻ ነው። በጥፍር አይታከክም፣ በጣት ሥጋ ነው። አያ፣ እርስዎም ይማሩ እንጂ።»

አያ የምንላቸው የቤቱ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ከትክል ድንጋይ የመጡ ገበሬ። ራሳቸው ላይ አንድ ጸጉር የለም።

«የእኔማ በጨርቅ መወልወል ነው፣ እንደ ሰሃን» አሉ።

ቤቱ ሳቀ። ጠባቂው በሩን በዱላ መታ። ዝም አልን፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅን።

«ዋናው መለቅለቁ ነው» አለ ወንድሜ። «ውሃውን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱ እጅ ለማራሻ፣ ሁለቱ ለመለቅለቂያ። ራስ ላይ ከሚደርቅ ሳሙና እድፉ ይሻላል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ጸጉር ይሰብራል። ማሙሽ፣ ሰማህ?»

ማሙሽ የሚለው እኔን ነው። በቁመት እበልጠው ነበር።

ዐርብ ረፋድ ላይ የራሱ ተራ ሆነ። ከሁለታችን ድርሻ ለሦስት ቀን እየቀነስን አንድ ጆግ ሞልተናል። ጥጉ ላይ ተንበርክኮ አጎነበሰ። አፈሰስኩለት።

«ቀስ በል! ጎመን እያጠጣህ ነው እንዴ?»

አንዱ እጅ ሲያልቅ አቆምኩ። ሳሙናውን አሸ። ራሱ ነጭ ሆነ። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ጠባቂው በስሙ ጠራው።

«ከነዕቃዬ?» አለ ወንድሜ። ከነዕቃ የተጠራ ሰው ይፈታል።

«ያለ ዕቃ።»

«ይለቅለቅ፣ አንድ ደቂቃ» አልኩ እኔ።

«ሲመለስ ይለቀለቃል።»

ወንድሜ ዐይኑን በክንዱ ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። ወደ ጆጉ አመለከተ። «እንዳትደፋው» አለኝ። ወጣ። አረፋው በማጅራቱ ይወርድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አያ ከጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ወጡ። ወትሮ ሲመለሱ ስለ ውጭው ይነግሩናል፤ ደመናውን፣ ያለፈውን ማኪና። ያን ቀን በሩ ሥር ቆመው ቆዩ። ከዚያ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየሄዱ፣ ጎንበስ እያሉ በጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን የሱፍ ኮፍያቸውን አውልቀው ጆጉን ከደኑት።

«ትቢያ እንዳይገባበት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ቅማል በሞላበት ቤት ራሱን የሚያክ ሰው እንኳ አልነበረም። ጥማት ከንፈራቸውን ያነጣው ሰዎች ጆጉን ዞረው ያልፋሉ። ዳቦ ሲመጣ ድርሻዬ ላይ ሦስት ቁራጭ ተጨምሮ አገኘሁ።

«ምነው?» አልኩ።

«ብላ» አለኝ አንዱ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

የአረፋው ጠብታ ከጥጉ እስከ በሩ መሬቱ ላይ ተሰልፎ ነበር። ቤቱ እርጥብ ስለሆነ አልደረቀም። ሰው ሁሉ እየተሻገረው ያልፋል እንጂ አይረግጠውም። ኮፍያውን ገለጥ አድርጌ ውሃውን አየሁ። አንድ ረጅም ጸጉር ነበረበት። ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ይዞራል። መልሼ ከደንኩት።

አብረውኝ የሚጠብቁት መሰለኝ። ደስ አለኝ። «ሳሙናው ያቃጥለዋል እኮ፣ ቶሎ ቢመልሱት» አልኩ ጮክ ብዬ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ሁሉም ቆመዋል። አሥራ አራቱም፣ ጋቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው አጣፍተው፣ በዙሪያዬ። ብርሃኑ ገና ስለሆነ ፊታቸው አይለይም። ከፊት አያ ነበሩ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው።

ያኔ ገባኝ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። አመሻሽ ላይ አይነገርም። ከትናንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። አቆዩልኝ።

«ልጄ» አሉ አያ፣ «በጓሮ በኩል በቃሬዛ ሲያወጡት አየሁ። ፊቱን ሸፍነውታል። ጸጉሩ ግን ወጥቶ ነበር። ሳሙናው ደርቆበታል።»

«ሌላ ሰው ይሆናል።»

«አይደለም፣ ልጄ። እሱ ነው።»

ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ክልክል ነበር። አንዱ የጋቢውን ጫፍ አፌ ላይ ያዘልኝ።

ከወጣሁ ቆየሁ። ምን እንዳደረጉት እስካሁን የነገረን የለም። አስከሬኑንም አልሰጡንም። እናታችን በመጨረሻ ምን አለ፣ ምን ለብሶ ነበር እያለች ትጠይቀኛለች። የምችለውን እነግራታለሁ፤ የሳሙናውን አልነገርኳትም። ራሴን ስታጠብ ብዙ ውሃ እጨርሳለሁ። ጠርቶ ሲወርድም አላምነውም።

ያን ጠዋት ግን ያደረግሁት ይህ ነው። ጆጉን አነሣሁ። ጸጉሩን ከውሃው አውጥቼ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት። እኛ ዘንድ ከቀብር የተመለሰ ሰው ለቅሶ ቤት ሳይገባ እጁን ይታጠባል። ወደ አያ ሄድኩ።

«አያ፣ እጅዎን» አልኩ።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጥቂት አፈሰስኩላቸው። ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ። ለሁሉም እንዲበቃ በጣም ቀስ ብዬ። ያን ሁሉ ሲጠሙ ካደሩት ሰዎች አንድም ውሃውን ወደ አፉ ያስጠጋ አልነበረም።

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ከቀብር ተመልሰው ነው» አልኩት።

በሩን እንደያዘ ቆመ። ሁለት ሰው ቀርቶኝ ነበር። አስታጠብኳቸው።